በአያ አብዱሰመድ ደጅ የሚጠፋው ሞተር

በመርሳ ከተማና በዙሪያዋ ደሞዜን በመልኩ ከሚያውቀው ሰው በሞተሩ ድምፅ የሚያውቀው ይበልጣል። ገና ጎሕ ሲቀድ ያ ሁለት ጊዜ ስሎ አንድ ጊዜ የሚያስነጥስ ሞተር ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ከተሰማ፣ ማሳ ውስጥ ያለው በሬውን ያቆማል፣ ጥርሱን የሚፍቀውም መፋቂያውን ከአፉ ያወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን?» ደሞዜ የቅሬ ጠሪ ነውና ያለ ነገር በማለዳ አይነሳም።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ይገባል፤ ጸሎቱን ቄሱ ወይ ሼሁ ያደርሳሉ፣ መቆፈርና መሸከም ግን የሁሉም ነው። ድሮ ጠሪው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ ያልደረሰው ሰው ቀብር ይቀርና ከሐዘንተኛው ጋር ዓመት ሙሉ ይኮራረፋል። ደሞዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሥራውን ከያዘ ወዲህ ግን ኩርፊያው ቀነሰ። ሞተሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሲጠየቅ «ከትዳሬ ይበልጣል» ይላል፤ ትዳሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

በስልክ ዘመን ጠሪ ምን ያደርጋል የሚል ወጣት አልጠፋም ነበር። ለእሱ መልሱን የሰጡት ኔትወርክ ድራሹ የጠፋባቸው ወራት ናቸው። ደግሞስ፣ ሞት በጽሑፍ መልእክት የመጣለት ሰው አንብቦ ስልኩን ኪሱ ይከታል፤ ደጁ ድረስ ሄደው ሲነግሩት ግን ጫማውን ያጠልቃል።

ደሞዜ አንድ ሥርዓት አለው። በየመንደሩ ሲጠራ ሞተሩን አያጠፋም። ማርሹን አውጥቶ፣ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተናግሮ ያልፋል። የሚያጠፋው ሐዘንተኛው ቤት ደጅ ሲደርስ ብቻ ነው፤ አስከሬን ባለበት ቤት ሞተር ማንኳኳት ነውር ነው ይላል። ይህን ማንም አላስተማረው፣ እሱም ለማንም አላስረዳም። ሰው ግን እያየ ለመደው። የደሞዜ ሞተር አንድ ደጅ ላይ ዝም ካለ እዚያ ቤት ሞት አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ የአንዲት አሮጊት ቀብር እየጠራ ወደ ግራና ሲሄድ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰና ጠፋ። የጠፋው ከአያ አብዱሰመድ ደጅ፣ ከትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ደሞዜ ቢረግጠው፣ ቢረግጠው፣ አልነሳ አለ። እየገፋ ሄደና ጥሪውን በእግሩ ጨረሰ። ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፈውም፤ አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ትዕግሥት ከሌለው ሞተሩን ሸጦ በቅሎ ይግዛ።

በአሥረኛው ቀን ሌላ ቀብር ሊጠራ ሲሄድ ሞተሩ እዚያው ማንጎ ሥር ጠፋ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። በሦስተኛው ቀና ብሎ ሲያይ ከየቤቱ ሰው ወጥቶ ወደ አያ አብዱሰመድ ደጅ እያየ ቆሟል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ አያ አብዱሰመድ ቤት መንገድ ጀምራ ነበር፤ ሌላዋ በክንዷ ያዝ አድርጋ መለሰቻት።

አያ አብዱሰመድ በዚያ ሰሞን ታመው ከወልዲያ ሐኪም ቤት ገና መመለሳቸው ነበር። ሕመሙ የሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶ፣ «በደንብ ይብሉ፣ ይድናሉ» ብሎ ነው የሸኛቸው። መዳንም ጀምረው ነበር። ሞተሩ ሦስተኛ ጊዜ ደጃቸው ላይ ዝም ባለ ማግስት ግን ልጆቻቸውን ጠርተው የማንጎ ዛፎቻቸውን በስም በስም አካፈሉ፣ ክኒኑን ትራስ ሥር ከተቱት፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ይህን ለደሞዜ የነገሩት ሚስታቸው እትዬ ሩቂያ ናቸው፤ ገበያ ላይ አግኝተውት። ሲነግሩት አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «እህል አልቀምስ ብለዋል» አሉት ብቻ። ደሞዜ ከዚያ በኋላ የሚገዛውን ረስቶ ባዶ ዘንቢል ይዞ ቤቱ ገባ።

አያ አብዱሰመድ ለደሞዜ እንደማንኛውም የቅሬ ሰው አይደሉም። ደሞዜ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዶ መርሳ ሲገባ ሃያ አምስት እንኳ አልሞላውም፤ አዲስ ሚስቱን ይዞ፣ ዘመድም ቅሬም ሳይኖረው ነው የመጣው። በዓመቱ የመጀመሪያ ልጁ በሦስት ወሯ ሞተችበት። ያን ቀን ዶማ በትከሻቸው፣ ስድስት ሰው ከኋላቸው አስከትለው የመጡት አያ አብዱሰመድ ናቸው። «ቀባሪ የሌለው ሰው የለም» ብለው ሳጥኗን ራሳቸው ታቀፏት። በማግስቱ ቅሬ አስገቡት። የጠሪነቱን ሥራም የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ «ድምፅህ ወንዝ ይሻገራል» ብለው። አሁን በዚያ ድምፅና በዚያ ሞተር እሳቸውን ወደ መቃብር እየነዳቸው ነው።

ሞተሩን መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ወደሚሠራው ወደ ወንዳወቅ ዘንድ ወስዶት ነበር፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ወንዳወቅ ጥሩ ሜካኒክ ነው። ክፋቱ፣ ራሱን ቢያመው እንኳ ካንዴላ ነው የሚል ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ነዳጁን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታ፣ ከገመዱ ጋር እንዳለ የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፈውና ማስነሻውን ረገጠ። ጫፉ ላይ ሰማያዊ እሳት ጠቅ ጠቅ አለ።

«ይኸው እሳት» አለ። «ይሄ ሞተር ካንተ ይሻላል።» ያም ሆኖ ካንዴላውን ለወጠለት።

በሁለተኛው እሳቱን የምትከፍትና የምትዘጋዋን ትንሽ ብረት ፈትቶ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳት፤ ክፍተቷንም ከሲጋራ ፓኮ በቀደደው ወረቀት ለክቶ መለሳት። ሞተሩ በአንድ እርግጫ ተነሳ። በሦስተኛው ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቱቦ ነፋ፣ ሽቦዎቹን ሁሉ ጎተተ፣ ሞተሩንም ግቢው ውስጥ አስነስቶ አዳመጠው። ምንም የለበትም። ቀና ሳይል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ደሞዜ፣ ይሄ የሞተር ነገር አይመስለኝም» አለ።

ሜካኒክ እንዲህ ሲል መስማት ያስፈራል። ደሞዜ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰዉን ሹክሹክታ በልቡ ይንቀው ነበር። ያን ቀን ግን ሞተሩን እየገፋ ሲወጣ ራሱን፣ «ሞተሩ የሚያውቀው ነገር ቢኖርስ?» ሲል ያዘው። አምስት ልጅ ያሳደገ፣ በየጎጡ ለስንት ሞት የቆመ ሰው ብረት ፈራ።

በማግስቱ ሞተሩን ቤቱ አስቀምጦ በእግሩ ሊጠይቃቸው ሄደ። አያ አብዱሰመድ መደባቸው ላይ ናቸው። ጉንጫቸው ገብቷል። ሲያዩት ፈገግ አሉ፤ ደሞዜን የጎዳው ይኸው ፈገግታቸው ነው።

«አንተ ምን ታደርግ፣ ደሞዜ» አሉት። «የላከህ ሌላ ነው። ቀደር ነው፣ የተጻፈልኝ ነው። እኔም አልከፋኝ።»

«አያ አብዱ፣ ሞተር እኮ ነው። ያረጀ ሞተር።»

«ሦስቴ እዚሁ?»

ደሞዜ ጋቢያቸውን እስከ ትከሻቸው ሳበላቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከደኑ። ሊሄድ ሲነሳ እትዬ ሩቂያ እስከ ማንጎው ድረስ ሸኙት።

«እኔን የሚያናድደኝ» አሉ፣ «ይህ በሽታ እስኪታወቅ ያየሁትን አበሳ ሳስበው ነው። ማታ ማታ በትኩሳት ይነድዳሉ። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሳደርሳቸው ይበርድላቸዋል። ሐኪሙ ይለካል፣ ‹ደህና ናቸው› ይለኛል። ሦስቴ መለሰን። በአራተኛው፣ ‹ትኩሳቱ እስኪነሳ ከዚህ አልሄድም› ብዬ አግዳሚው ላይ ተኛሁ። ሲነሳባቸው ሐኪሙ ያኔ አያቸው፣ ያኔ ገባው። ይህን ሁሉ ደክሜ አሁን ከንቱ ሊቀር ነው።»

ደሞዜ ጥቂት እርምጃ ሄደና ቆመ። ተመልሶም እትዬ ሩቂያን አያቸው።

«ምነው?» አሉ።

«ምንም» አለ። «አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ ሩቂያ።» ክርስቲያን ሆኖ እንዲህ ማለቱን ልብ ያለው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ሞተሩ ማንጎ ሥር በጠፋ ቁጥር ደሞዜ ሰዓት ሙሉ ይገፋዋል። ወንዳወቅ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቅዟል። ወንዳወቅ ያየው ሁሌም በደህናው ሰዓት ነው። በታመመበት ሰዓት፣ በታመመበት ቦታ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ያየው አንድም ሰው የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እነሱ ግን ሥሩን ትተው ቅጠሉን ሲለውጡ ነበር የከረሙት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ያዘ። ወደ ግራና አልሄደም። ሞተሩ የሚያውቀው ቤት ካለ ይለይ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ወልዲያ አዞረና ሰዓቱን አይቶ ነዳ። እስከ አያ አብዱሰመድ ደጅ፣ በየመንደሩ ከሚያደርገው ጥሪ ጋር፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚወስድበት። አስፋልቱ ላይ ሃያ ደቂቃ ብዙ ያስኬዳል። አሥራ ስምንት ደቂቃ ሞላ። አሥራ ዘጠኝ። ሲሪንቃ ደረሰ። የእርሻ ምርምር ማዕከሉን አጥር ታክኮ ሲያልፍ ሞተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰና ጠፋ።

ደሞዜ ሳቀ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዘበኛ ሞተሩ ተበላሽቶበት እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቶ አያውቅም ነበርና ጠጋ ብሎ አየው። ከዘበኛው ኋላ የሙከራ ማሽላ በረድፍ ቆሟል፤ ማሽላ ደግሞ ቅሬ አይገባም፣ ጠሪም አይላክበትም።

ሳቁን ጨርሶ ወደ ሥራው ገባ። ካንዴላውን ፈታው፤ በቤንዚን ረጥቧል። እንግዲያው ነዳጁ ይደርሳል። የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ ረገጠ። እሳት የለም። ደግሞ ረገጠ። ድርግም ብሏል። ከካንዴላው የሚነሳውን ወፍራም ገመድ በጣቱ እየተከተለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከታንኩ ሥር ቦቢናው ጋ ደረሰ። ቦቢና ማለት ያችን ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ እሳት የሚያጎለብት ጡጫ የምታህል ጥቁር ዕቃ ነው። ቢነካው ጣቱን አቃጠለው። ሌላው ብረት የሚሞቀውን ያህል አይደለም፤ ይህ ከውስጡ ይነድዳል።

ጨርቁን በውሃ ነከረና ቦቢናው ላይ ጣለው። ጨርቁ ጢስ የመሰለ እንፋሎት አወጣ። ደግሞ ነከረ፣ ደግሞ ጣለ። ትንሽ ቆይቶ ረገጠ። ሰማያዊው እሳት ጠቅ አለ።

ከሲሪንቃ ሲመለስ ወንዳወቅ ዘንድ ጎራ ብሎ ሁሉንም ነገረው። ወንዳወቅ ቦቢናውን ዳሰሰና ራሱን ወዘወዘ፤ ካንዴላ አለማለቱ ምን ያህል እንዳፈረ ያሳያል። «ወልዲያ ያገለገለ አገኝልሃለሁ። ነገ እለውጠዋለሁ» አለ።

«አትለውጠው» አለ ደሞዜ። «አሁን ቢድን አያ አብዱ አያምኑኝም። ላባብላቸው ብዬ የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። ታሞ ሊያዩት ይገባል።»

«አራተኛ ጊዜ ደጃቸው ልታጠፋው ነው?»

«አዎ።»

«በድንጋጤ ቢሞቱስ?»

ደሞዜ ይህን አስቦት ነበር። ሌሊቱንም ሲያስበው አደረ። ቢሞቱ እስከ ዕለተ ሞቱ የገደላቸው እሱ ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ እየገደላቸው ነው። ከሁለቱ እየሞከሩ መበደል ይሻላል ብሎ ነጋለት።

ረፋድ ላይ፣ ሃያው ደቂቃ እንዲሞላ ሞተሩን ሳያጠፋ በየመንገዱ ቆም እያለ ነዳ። ሞተሩ እንደ ልማዱ አነጠሰና ደጃቸው ሊደርስ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ጠፋ። እየገፋ ማንጎው ሥር አቆመው። ከቤት ውስጥ ሳል ይሰማ ነበር፤ ሞተሩን ሲያቆመው ሳሉም ዝም አለ። እትዬ ሩቂያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

«ምነው ደሞዜ። ምነው ልጄ።»

ደሞዜ ወደ በሩ ቀረበና ያንን ወንዝ የሚሻገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አያ አብዱ፣ ዛሬ ማንም አልሞተም። የመጣሁት በሽተኛ ይዤ ነው። እንዲያዩልኝ ነው።»

ከውስጥ ምርኩዝ መሬት ሲመታ ሰማ። አያ አብዱሰመድ በምርኩዝ፣ በግድግዳው እየተደገፉ ወጡ። ሰው ታሟል ሲሏቸው ተቀምጠው አያውቁም፤ ደሞዜ የተማመነውም በዚህ ነበር።

«የታል?» አሉ፣ ሰው እየፈለጉ።

ደሞዜ እጃቸውን ይዞ ከታንኩ ሥር ወሰደው። ጣታቸው ቦቢናውን ሲነካ ቶሎ አነሱት። ዳግመኛ በመዳፋቸው ጀርባ፣ የሕፃን ግንባር እንደሚነካ ነኩት።

«ይሄ ትኩሳት ነው» አሉ።

«ትኩሳት ነው። ከመርሳ ሃያ ደቂቃ ሲነዳ ይነሳበታል። ወደ ግራና ቢሄድ እዚህ፣ ወደ ወልዲያ ቢሄድ ሲሪንቃ ላይ። ሜካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ይበርድለታል። ደህና ነው እያለ ሦስቴ መለሰኝ።»

አያ አብዱሰመድ ዞረው ሚስታቸውን አዩ፣ ሚስታቸውም እሳቸውን አዩ። «ሩቂያ፣ ውሃ» አሉ።

ጨርቁን ራሳቸው ነከሩ፣ ራሳቸው ጨመቁ፣ ቦቢናው ላይም ራሳቸው አኖሩት። ሦስቴ ለወጡለት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ደሞዜ ማስነሻውን ረገጠ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ስሎ፣ አንድ ጊዜ አነጠሰና ተነሳ።

«ሦስቱም ጊዜ ይኸው ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ይኸው ነው።»

አያ አብዱሰመድ ምርኩዛቸውን እያሽከረከሩ ቆዩ። «እንግዲያው ማንጎዬን ለልጅ ያካፈልኩት ለቦቢና ብዬ ነው?» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። «አጀሌ፣ የተቆረጠልኝ ቀን፣ ሲደርስ እሄዳለሁ። እሱን አልከለክልም። ቦቢና ግን አይጠራኝም። ሩቂያ፣ ያ ክኒን ከትራሱ ሥር ነው፤ የሚቀመስ ነገርም ካለ አምጪ።»

እትዬ ሩቂያ እዚያው ማንጎው ላይ ተደግፈው አለቀሱ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያላለቀሱትን።

በሳምንቱ ወንዳወቅ ከወልዲያ ያመጣውን ቦቢና አሰረለትና የሞተሩ ነገር አበቃ። አያ አብዱሰመድም በጥር ማንጎ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። ለደሞዜ አንድ ትእዛዝ ሰጥተውታል፤ «ደጄ ስትደርስ እንዳታጠፋው። አይተኸኝ እለፍ። እኔ እጄን አነሳልሃለሁ።» ከዚያ ወዲህ ደሞዜ ለጥሪ በሄደ ቁጥር ምርኩዝ ከማንጎው ሥር ከፍ ይላል፣ እሱም ጥሩንባውን አንዴ ነክቶ ያልፋል። የሰው ሞት ሊናገር እየሄደ በዚያች ቦታ ፊቱ ይፈካ ነበር፤ ስለዚህም ሁሌ ያፍር ነበር። ሁለት የማንጎ ምርት እንዲህ አለፈ። ልጆቹ አባታቸው ያካፈሏቸውን ማንጎ ለመልቀም ሲያስፈቅዱ እሳቸው አይፈቅዱም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ ከማለዳው የሱብሂ ሶላት በኋላ፣ የደሞዜ ስልክ ጮኸ። እትዬ ሩቂያ ናቸው።

«ደሞዜ፣ በእንቅልፋቸው ነው» አሉ። «ዛሬ ለእኛ ጥራልን።»

ወጣና ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ያን ሞተር እሳት እንዳያጣ ሲለምነው፣ ሲፈታው፣ ሲያጸዳው ኖሯል። ያን ማለዳ ግን አንዴ እንኳ እንቢ ቢለው ደስ ባለው። በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳ።

በየመንደሩ ማርሹን እያወጣ፣ እግሩን መሬት እያስረገጠ ጠራ። ያን ቀን ስማቸውን በየቦታው ሁለት ጊዜ ጠራ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሞተሩ እየሳለ፣ ምንም ሳይሆን፣ ከማንጎው ሥር ደረሰ። ከድንጋዩ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ደሞዜ አሻቅቦ ዛፉን አየ፣ ከዚያም በገዛ እጁ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋው። በዙሪያው ማሳ የነበሩት ሰዎች በሬያቸውን እየፈቱ ወደዚያ ቤት መምጣት ጀመሩ።